ባሕሩ ላይ ኔትወርክ ነበረ

ለእታለሜ፤

የእግዚአብሔር ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ይህን ሁሉ ዝናብ እንዴት ቻለው? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ፣ የግቢው ሰው ሁሉስ እንዴት ነው? እኔን ከጠየቅሽኝ በአካል ደህና ነኝ። ኃይለ መስቀልም ደህና ነው። ልጃችን ሀሴትም ደህና ናት፤ ቁመቷ እኔን አልፎኛል፣ አማርኛዋ ግን አብሯት አላደገም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። መርከቡ ወደ ሲያትል እየተመለሰ ነው፤ ነገ ጠዋት እንደርሳለን። ሚስስ ዶረቲ ምሳዋን በልታ ጋደም ብላለች። እኔ መስኮቱ ሥር ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ የመርከቡ ምልክት በታተመበት ወረቀት እጽፍልሻለሁ። ስልኬ አጠገቤ ነው፣ ይሠራልም። ግን በስልክ የተላከ ነገር ጣት ሳይነሳ ይደርሳል፤ ይሄኛው እንዲዘገይ ስለፈለግሁ ነው በወረቀት ያደረግሁት። ወይ በሰው እልከዋለሁ፣ ወይ ራሴ ይዤው እመጣለሁ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ አቅም ያነሳቸውን ሰዎች ቤታቸው እየሄድኩ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ። ሚስስ ዶረቲ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ እሷ ጋ ከገባሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። “የአላስካን በረዶ ሳላይ አልሞትም” ብላ የሰባት ቀን የመርከብ ጉዞ ትኬት ቆረጠች፣ ያለ እኔ ደግሞ አልሄድም አለች። እማዬ ታማ ተኝታ እኔ እንዴት ባሕር ላይ እወጣለሁ ብዬ አንቺን አማከርኩሽ። “ሐኪሙ እየተሻላት ነው ብሏል፤ ሂጂ፣ እንጀራሽ ነው” አልሽኝ። አልወቅስሽም። ያን ጊዜ እውነት ነበር።

ከመሄዴ በፊት የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኢንተርኔት። ኖርዝጌት ያለችው ጓደኛዬ ፀዲ የዛሬ ስምንት ዓመት እንዲህ ባለ መርከብ ሄዳ ነበርና፣ “ከሰው ትቆረጫለሽ፤ አንዲት ፎቶ ለመላክ ግማሽ ቀን ነው የሚፈጅብሽ” ብላ አስፈራራችኝ። ለሚስስ ዶረቲ ስነግራት ሳቀች። እሷ ፍሎሪዳ ካለው ወንድሟ ጋር በየቀኑ በስልክ የቃላት ጨዋታ ትጫወታለች፤ ስለዚህ ለራሷም ለእኔም ገደብ የሌለውን ፓኬጅ ገዛች።

እሑድ ገና ከሲያትል ወደብ ሳንነቀል የኢንተርኔት ጉዳይ የሚታይበት ጠረጴዛ ጋ ሄድን። የተቀበለችን ማሪቴስ የምትባል ፊሊፒናዊት ናት፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ረጋ ያለች ሴት። ስልኬን ተቀብላ አስተካከለችና “ሞክሪው” አለችኝ። የሞከርኩት በአንቺ ነው። እናንተ ጋ ምሽት ሦስት ሰዓት ነበር።

እማዬን ትራስ ደግፈሽ ቀና አደረግሽልኝ። እኔ ባሕሩን ላሳያት ላይኛው ፎቅ ወጣሁ። ጥርት ብላ ነበር የምትታየኝ፤ የግንባሯ መስመር እንኳ አልቀረኝም። እሷ ግን ባሕሩንም ከተማውንም አላየችም። ያየችው ከኋላዬ ያለውን የብረት አጥር ነው። “ምን ያህል ከፍ ይላል?” አለችኝ። “አሥር ፎቅ ነው” ስላት፣ “ወዲህ በይ! ወዲህ በይ አንቺ ልጅ፣ ነፋሱ ይገፋሻል!” ብላ ጮኸች። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እታለም። ከአጥሩ ራቅ አልኩ። “ትንሽ ጨምሪ” አለችኝ፤ ጨመርኩ፣ ጀርባዬ ግድግዳ እስኪነካ። ያን ጊዜ “እ፣ አሁን ይሻላል” ብላ ትራሷ ላይ ተመለሰች።

ሰኞ ጠዋት ስነሳ መሬት የሚባል ነገር ጠፍቷል። በየትም በኩል ብታዪ ውኃ ነው፣ እሱም ግራጫ። መርከቡ ይንገዳገዳል፤ ሰው ግድግዳ እየያዘ ነው የሚሄደው። እኔ እንኳን እንዲህ ያለ ውኃ፣ የወንዝ ሙላትም የምፈራ ሰው ነኝ። ድምፃችሁን ልስማና ልረጋጋ ብዬ ደወልኩ፤ አላነሳሽም። ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ቆይቶ አንድ ጽሑፍ መጣልኝ፤ “ኔትወርክ አስቸግሮናል። እማዬ ደህና ናት፣ አታስቢ” ይላል።

ያንኑ ቀን ኃይለ መስቀል ኮል አደረገ። ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛው፣ “ባሕር ላይ ስለሆንሽ ቪዲዮ አይሠራልሽም፣ በድምፅ ብቻ ነው” የሚል ነው። ሁለተኛው፣ “ፌስቡክ እንዳትከፍቺ፣ ፓኬጁን ይበላብሻል” የሚል። እሺ አልኩት። ኃይለ መስቀልን ታውቂው የለም? የስልኩን ባትሪ መብራት ለማጥፋት ሀሴትን የሚጠራ ሰው ነው። ያን ቀን ስለ ፓኬጅ ሲያስተምረኝ ለምን እንዳልገረመኝ እንጃ።

ማክሰኞ አንቺ ራስሽ ደወልሽልኝ፣ በድምፅ። “እማዬ ተኝታለች” አልሽኝ። ድምፅሽ ጎርነን ብሏል፤ “ጉንፋን ይዞኝ ነው” አልሽ። “ካሜራውን ክፈቺና እንደተኛች ልያት” ስልሽ፣ “እምቢ አለ፤ የአንቺ ኢንተርኔት ነው፣ ባሕር ላይ ነሽ እኮ” አልሽኝ። አመንኩሽ። ለምን እንዳመንኩሽ ልንገርሽ። በዚያው ጠዋት መርከቡ በሁለት ተራሮች መሐል፣ እንደ ጎዳና በጠበበ ውኃ ውስጥ ገብቶ ነበር። ገደሉ በግራም በቀኝም ሰማዩን ሸፍኖት ኢንተርኔቱ እውነትም ሃያ ደቂቃ ያህል ጠፋ። ሰው ሁሉ በረዶውን እያየ “ዋው” ይላል፤ እኔ ስልኬን ወደ ላይ አንስቼ ቆሜያለሁ። ሚስስ ዶረቲ “አንቺ፣ በረዶውን እዪ እንጂ” አለችኝ። አየሁት። ሰማያዊ ነው። ቤት የሚያክል ቁራጭ ተገምሶ ውኃው ውስጥ ሲወድቅ አየን፤ ድምፁ ግን ዘግይቶ ነው የደረሰን። መጀመሪያ መውደቁን ታያለሽ፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ከዚያ ነው የሚጮኸው።

ረቡዕ ጠዋት አልቻልኩም፤ ማሪቴስ ጋ ወረድኩ። “በዚህ መርከብ ላይ ቪዲዮ አይሠራም አይደል?” አልኳት። “ማነው እንዲህ ያለሽ?” አለችኝ። “ባለቤቴ” ስላት ሳቀች። የራሷን ስልክ አውጥታ ደወለች። ልጇ ፊሊፒንስ፣ ማድ ቤት ውስጥ ዓሣ ስትጠብስ ታየች፤ የዘይቱ መንጣጣት ሳይቀር ይሰማል። ልጅቷ ለምን በሥራ ሰዓት ትደውያለሽ ብላ ተቆጣቻት መሰለኝ፣ ማሪቴስ እየሳቀች ዘጋችው።

ከዚያ በእጆቿ እያሳየች አስረዳችኝ። ድሮ ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ፣ እጅግ ሩቅ ቦታ ላይ ነበር አለች። መርከብ ወደ ሰሜን ሲሄድ ሳተላይቱ ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ ስለሚቀር ያገኘው ተራራ ሁሉ ይጋርደው ነበር። “አሁን ግን ትንንሾች ናቸው፣ ብዙ ናቸው፣ ዝቅ ብለው በላያችን ያልፋሉ። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይተካል። የማክሰኞው ገደሉ ስለጠበበ ነው” አለችኝ። የኮምፒውተሯን መስኮት ወደ እኔ አዞረችው። ከእሑድ ጀምሮ አንድ ረጅም አረንጓዴ መስመር ነው፤ ማክሰኞ ጠዋት ላይ ብቻ ትንሽ ክፍተት አለችው። ከዚያ በቀር የትም አልተቆረጠም።

መስመሩን ከዳር እስከ ዳር በጣቴ ተከተልኩት። እሷም አየችኝና፣ “አባቴ የሞተ ጊዜ መርከብ ላይ ነበርኩ፤ ሃያ ዓመት ሆነው። የሰማሁት በዘጠነኛው ቀን፣ አንድ ወደብ ላይ ካለ የሕዝብ ስልክ ነው” አለችኝ። ማን ጠየቃት? ለምን ይህን ነገረችኝ ብዬ ተናደድኩባት።

“ምናልባት ችግሩ አገር ቤት ያለው ኔትወርክ ይሆናላ” አልኳት። “ሊሆን ይችላል። እዚያው ሰፈር ያለ ሌላ ሰው ጋ ደውይና እዪው” አለችኝ።

ወርቅውሃ ትዝ አለችኝ፤ ከእማዬ ጋር አጥር የሚለያቸው ባለሱቋ። በቪዲዮ ደወልኩ። እናንተ ጋ ምሽት አንድ ሰዓት ነው። ሁለቴ ሳይጠራ አነሳችው። በአምፖል ብርሃን ፊቷ ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ ጥቁር ሻሽ አስራለች፣ ዓይኗ አብጧል። እኔ መሆኔን ስታይ “ወይኔ ልጄን!” አለችና ስልኩ ወደ መሬት ዞረ። ጭቃ አየሁ። ጭቃው ላይ ብዙ እግር አየሁ፣ የሴትም የወንድም። ከዚያ ጠፋ። ሦስት ሴኮንድ ቢሆን ነው።

ደቂቃ ሳይሞላ አንቺ እያለከለክሽ ደወልሽ። “ወርቅውሃ ጋ ለምን ትደውያለሽ? አጎቷ ሞቶባት ሐዘን ላይ ናት እኮ!” አልሽኝ። እታለም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ የሰውዬውን መሞት ስሰማ ደስ አለኝ። ተመስገን አልኩ በልቤ። ግን ከድምፅሽ ጀርባ ዝናብ ይሰማኝ ነበር። እኔና አንቺ ቆርቆሮ ሥር ነው ያደግነው፤ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ እንቅልፍ ላይ ብንሆንም እናውቀዋለን። ይሄ የቆርቆሮ አልነበረም። የሸራ ነው፤ ድብ ድብ የሚል፣ የታፈነ። “የት ነሽ?” አልኩሽ። “ወርቅውሃ ድንኳን፣ ላስተዛዝናት መጥቼ” አልሽኝ። “እማዬስ?” “ተኝታለች።” ደግሞ ተኝታለች። ዝናቡ ብቻ በመሐላችን ይወርዳል፤ አንዲት ጠብታ እንኳ አልተቆረጠችም።

ያን ቀን የወርቅውሃን አጎት ይዤ ዋልኩ። ስሙን እንኳ አላውቀውም። ሽማግሌ ይሆናል፣ ታሞ ይሆናል፣ መቼም ሰው ሟች ነው እያልኩ ለራሴ አወራለሁ። ሚስስ ዶረቲን ሳጥብ የውኃውን ሙቀት ሳልለካ አፈሰስኩባትና “ሆት!” ብላ ስትጮህ ነው የነቃሁት። ጸለይኩም። ጸሎቴ የሚያሳፍር ነበር፤ ጌታ ሆይ፣ የእሷ አጎት ይሁን፣ የእሷ አጎት ይሁን የሚል።

ሐሙስ ዕለት ሳልነግራቸው ሊንውድ፣ ቤታችን ደወልኩ፣ በቪዲዮ። ሀሴት አነሳችው። “ሃይ ማም” አለች። አባቷ አይሠራም ያለው ቪዲዮ ይኸውና ጉንጯ ላይ ያለችውን ብጉር ያሳየኛል። ከኋላዋ ሳሎናችን ይታያል። ሶፋው የለም። በእሱ ቦታ የሚታጠፉ ወንበሮች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፣ ጀርባቸው ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው። የዕድራችን ወንበሮች ናቸው። አምና የእሴይ እናት ያረፉ ጊዜ እኔ ራሴ ነኝ የወለወልኳቸው።

“ወንበሩ ምንድን ነው?” አልኳት። ፊቷን ወደ ጎን አዞረች፤ ከካሜራው ውጪ የቆመ ሰው እያየች ነው። “ዳድ... ሚቲንግ አለው” አለችኝ። “የምን ሚቲንግ?” ስላት “አይ ዶንት ኖው፣ ማም” አለች። ከዚያ አገጯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከተወለደች ጀምሮ ውሸት አይሆንላትም። “አይ ላቭ ዩ” ብላ ዘጋችው።

ለወርቅውሃ አጎት ሊንውድ ላይ ወንበር የሚያወጣ ዕድር የለም፣ እታለም።

ከሰዓት በኋላ ሚስስ ዶረቲ “ዛሬ ምንም አትሥሪ፣ ቁጭ በይ” አለችኝ። እጄን ይዛ የእናቴን ስም ጠየቀችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠይቃኝ አታውቅም። ነገርኳት። አስተካክላ እስክትጠራው ድረስ ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። ኃይለ መስቀል በዚሁ ኢንተርኔት እሷም ጋ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መርከቡ ላይ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቅ ይመስለኝ ጀመር። ዳቦ የሚያቀብለኝ አስተናጋጅ “ሃው አር ዩ ቱዴይ?” ሲለኝ ይህም ሰምቷል እላለሁ። ሊፍት ውስጥ ሁለት ሰዎች ዝም ሲሉ ስለ እኔ ሲያወሩ ነበር እላለሁ። ከሦስት ሺህ ሰው መሐል እኔ አንዷ ብቻ ሳላውቅ የቀረሁ መሰለኝ፤ ሳላውቅ ደግሞ አልቀረሁም።

ክፍሌ ገብቼ ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጥኩትና ከበሩ ሆኜ አየሁት። እባብ ያየሁ ይመስል መጠጋት አቃተኝ። ፌስቡክን ብከፍት የአክስታችን ልጆች የለጠፉት ይኖራል፤ ሻማው ይኖራል፣ ፎቶው ይኖራል፣ ከሥሩ የሚጻፈውን ታውቂዋለሽ። አንዴ መንካት ብቻ ነው። ፓኬጁ ገደብ የለውም፣ መስመሩ አረንጓዴ ነው፣ ምን ሰበብ አለኝ? ጣቴ ላዩ ላይ ቆየች፣ ቆየች፤ ከዚያ ከነጭራሹ ከስልኬ ላይ አጠፋሁት። ሌላው ሰው ኢንተርኔት እንዲመጣለት ይለምናል። እኔ ያን ቀን መርከቡ ተመልሶ እዚያ ጠባብ ገደል ውስጥ እንዲገባና እዚያው እንዲቀር ለመንኩ።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አልነገርኩም። ይህን ሁሉ መጻፌም ለእሱ ነው።

ዓርብ ጠዋት ደወልሽ። “በላሽ?” አልሽኝ። “በላሁ።” “ብርድ አለ?” “አለ።” “ወፍራም ነገር ደርቢ።” “እሺ።” ከዚያ “ስሚኝማ አንቺ ልጅ” አልሽኝ፣ “እኔ ከዚህ በላይ አልችልም። ኃይለ መስቀል ጠብቂ ይለኛል፣ ሽማግሌዎቹ ጠብቂ ይሉኛል፣ እኔ ግን አልቻልኩም። እማዬ...” አልሽ። “ሃሎ? ሃሎ? እታለም፣ አይሰማኝም፣ ይቆራረጣል!” አልኩሽ። “እማዬ...” አልሽ ደግመሽ። “ሃሎ! ኔትወርክ የለም፣ ባሕር ላይ ነኝ እኮ! እሑድ ሲያትል ስደርስ እደውላለሁ!” ብዬ ጮኼ ዘጋሁብሽ።

ተሰምቶኛል። ሁሉም ተሰምቶኛል። ትንፋሽሽ፣ አፍንጫሽን ስትጠርጊ፣ ከኋላሽ “ተይ እንጂ፣ በስልክ አይነገርም” ያለችሽ ሴትዮ ድምፅ። አንድም ነገር አልተቆረጠም።

ፈርቼ ነው፣ አልዋሽሽም። እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ዙሪያዬ ውኃ ሆኖ፣ የሚይዘኝ ሰው ሳይኖር ያንን መስማት ፈራሁ። ብጮኽ ማን ቋንቋዬን ያውቀዋል? ብወድቅ ማን ያነሳኛል? ግን ፍርሃት ብቻም አይደለም። አባዬ ያረፈ ጊዜ አንቺ አዋሳ ተማሪ ነበርሽ። “አባትሽን አሞታል፣ ነይ” ተብለሽ ስትመጪ አውቶቡሱ ላይ አጠገብሽ የተቀመጠች ሴት፣ የማን ልጅ መሆንሽን ሳታውቅ፣ የቀብሩን ወሬ ስታወራ ሰማሽ። አንቺ መንገድ ላይ ስትጮኺ ሹፌሩ ምን እንዳደረገ፣ ሰዉ እንዴት እንዳየሽ ስንት ዓመት ነግረሽኛል። “እንዲህ ያለ መርዶ ለጠላቴም አይድረስ” ትዪ ነበር። ታዲያ እኔን ባሕር ላይ በስልክ ብትነግሪኝ ዕድሜ ልክሽን ራስሽን ይቅር አትዪም። አውቅሻለሁ። ከሰኞ ጀምሮ እያለቀስሽ፣ ፊትሽን ጠርገሽ “ተኝታለች” ስትዪኝ ቆይተሻል። ረቡዕ ዕለት በክፉ አስቤሽ ነበር፤ ይቅር በዪኝ። ዓርብ ግን ሸክሙ ሲከብድሽ ሰማሁ፤ እኔም በተራዬ ልዋሽልሽ ብዬ ነው።

ትናንት እዚህ ላይ አቁሜው ነበር። አሁን እሑድ ነው፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ሲያትል ገብተናል፤ መርከቡ ቆሟል፣ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ነው። ኃይለ መስቀል አሁን ደወለልኝ። “ደረሳችሁ? እኔ ብቻዬን ነው የመጣሁት፤ መኪናውን ፓርክ እያደረግሁ ነው። ኦኬ? ቀስ ብለሽ ውረጂ” አለኝ። “እሺ” አልኩት። አጠገቤ ቆሞ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

ሲደውል እኔና ሚስስ ዶረቲ ላይኛው ፎቅ ነበርን። ለዓሣ ነባሪ ማያ ያመጣችውን፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አቀበለችኝ። ወደ መኪና ማቆሚያው አየሁበት። ኃይለ መስቀል ስልኩን ገና ከጆሮው አላወረደም። ብቻውን አይደለም። የነፍስ አባታችን ጥቁር ካባቸውን ለብሰው፣ መስቀላቸውን ይዘው አጠገቡ ቆመዋል። መንግሥቴ፣ የዕድራችን ሰብሳቢ፣ ኮፍያውን አውልቆ ይዞታል። ፀዲ አለች፤ እሑድ እሑድ ሥራ ቀርታ አታውቅም። ሌሎችም ሴቶች አሉ። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሀሴት መሐላቸው ናት። እሷም የእኔን ነጠላ ለብሳለች፣ እንደ እነሱ አዘቅዝቃ። ማን እንዳሳያት አላውቅም። ትልቅ ሴት መስላለች።

ጽሕፈቴ ስለተበላሸ አትቀየሚኝ። አሁን ወርጄ አውቄያለሁ አልላቸውም። ይንገሩኝ። ከሊንውድ ድረስ በጠዋት ለዚህ ብለው መጥተዋል፣ ለእነሱም ቀላል አይደለም። ደግሞም እስካሁን አልሰማሁም፣ እታለም። ፊት ለፊቴ ቆሞ ሰው እስኪነግረኝ ድረስ አልሰማሁም። ከዚህ እስከ መውረጃው ድረስ አራት መቶ እርምጃ ይሆናል። እነዚያን እርምጃዎች ሳልሰማ እራመዳቸዋለሁ።

አንቺ እህል ቅመሺ። ብርድ ላይ አትቀመጪ፤ ጉልበትሽን ጠቅልይው። ወርቅውሃን ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ አስደንግጫታለሁ። ልጆቹን በየስማቸው ሳሚልኝ። እኔም ብዙ አልቆይም፣ እመጣለሁ። እኔ እስክደርስ ድረስ የአባዬ አምላክ ከአጠገብሽ አይራቅ፣ እጅሽን አይልቀቀው። አንቺንም እኔንም ያጽናን።

የእናትሽ ልጅ